የቤቱ ጥላ አልገጥም ብሎኝ፦ ከደብረ ብርሃን የሥራ ማስታወሻ

ጥር 2

ሥራው፦ ከደብረ ብርሃን ዳር ሊሠራ የታሰበ የድንጋይ ቤት። ቆርቆሮ ክዳን፣ ከፊቱ በረንዳ፣ አራት የድንጋይ ምሰሶ። ደንበኛው መሠረት ከማስቆፈሩ በፊት ቤቱን በምስል ማየት ፈልጎ በኮምፒውተር አራት ምስል ሠርቼ ላክኩለት። ትናንት ማታ የመለሰው፦ «ቆንጆ ነው። ግን ቤቱ መሬት የነካ አይመስልም። ጥላውም የሆነ ነገር ሆኗል።»

«የሆነ ነገር» የሚል አስተያየት ያናድደኛል፤ ምን ልሥራበት? ምስሉን አጉልቼ ሳየው ግን ሰውየው ልክ ነው። በግድግዳው ሥርና በጥላው መካከል ቀጭን የብርሃን ክር አለ፤ ቤቱ በጣት ውፍረት ከመሬት ከፍ ያለ ይመስላል። የጣሪያው ክፈፍ ግድግዳው ላይ የጣለው ጥላ ጠርዙ የተባዘተ ጥጥ ሆኗል። ደጃፍ ላይ የቆመው የመብራት ምሰሶማ ጥላው ከሥሩ ጥቂት ይሄድና እንደ ጭስ በኖ ይጠፋል።

ዕቃዬ 8 ጊጋ ራም፣ 2 ጊጋ የግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ነው። የምሠራበት ፕሮግራም ብሌንደር 3.6 ነው፤ ከምስል ማውጫዎቹ ሁለቱን እጠቀማለሁ፦ ብርሃኑን ጨረር በጨረር የሚያሰላውን ቀርፋፋውን ሳይክልስንና በአቋራጭ የሚሄደውን ፈጣኑን ኢቪን። በሳይክልስ 1920 በ1080 የሆነ አንድ ምስል በ512 ሳምፕል (ለአንድ ፒክስል በሚላክ የጨረር ብዛት) 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይወስድብኛል፣ ያውም መብራት ካልሄደ። ስለዚህ አራቱንም ያወጣኋቸው በኢቪ ነው። የፀሐይዋ መብራት «አንግል»፣ ማለትም ፀሐይዋ ስንት ዲግሪ ሰፍታ እንደምትታይ የሚወስነው ቁጥር፣ 5 ዲግሪ ላይ ነው ያለው። ለምን 5? ድሮ አንድ የማስተማሪያ ቪዲዮ ላይ «ጥላው ለስለስ ሲል ያምራል» ሲባል ሰምቼ 5 አልኩት፤ ያንኑ ፋይል እየገለበጥኩ ሁለት ዓመት ሠራሁበት።

ጥር 3

ቀኑን ሙሉ የአንግሉን ቁጥር ስቀያይር ዋልኩ። 0 ሳደርገው ጥላው በምላጭ የተቆረጠ ጥቁር ወረቀት ሆነ። 2 በዛ። 1 ይሻላል መሰለኝ። 1.5 አደረግኩና ከ1 ጋር ጎን ለጎን ሳያቸው የትኛው የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። ከ8 እስከ 12 ሰዓት መብራት አልነበረም። ማታ ስቆጥር 11 ምስል አስቀምጫለሁ፤ አንዱንም መምረጥ አልቻልኩም። 11ኛውን ሳይ ዓይኔ የመጀመሪያውን ረስቶታል።

ጥር 5

አጎቴ ጋ ሄድኩ። ግንበኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ድንጋይ ሲጠርቡና ሲክቡ ነው የኖሩት። ምስሉን ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። ራቅ አድርገው ያዙና፦

«ይኸ የስንት ሰዓት ፀሐይ ነው?»

«የጠዋት። ሦስት ሰዓት ግድም።»

«የጠዋት ፀሐይ ጥላዋ እንዲህ አይሟሟም። ይኸ ደመና የሸፈናት ፀሐይ ናት። ደመና ከሸፈናት ደግሞ ጥላው እንዲህ አይጠቁርም። አንዱን ምረጥ እንጂ።»

እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ የጠቀመኝ ይኸ ነው። የጥላው ልስላሴ የሚወሰነው የብርሃኑ ምንጭ ሰፍቶ ወይ ጠቦ በመታየቱ ነው፤ ጥቁረቱን የሚወስነው ከሰማዩ የሚመጣው የተበተነ ብርሃን ነው። እኔ ልስላሴውን ከደመና ቀን፣ ጥቁረቱን ከጠራ ቀን ወስጄ አጋብቻቸዋለሁ።

እንለካው አልኳቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሜዳ ቦታ መርጠን 2 ሜትር የሆነ አጠና አቆምን። ውፍረቱ 6 ሴንቲ ሜትር። እኔ በዓይን አይቼ ቀጥ ብሏል ስል እሳቸው ቱንቢ ይዘው መጡ፤ አልቀናም ነበር። መሬቱ ላይ ነጭ ካርቶን አነጠፍን፣ ሦስቱ በ60 ብር። ቴፕ ሜትሩ የሳቸው ነው።

ልክ 3 ሰዓት ላይ የጥላው ርዝመት 3 ሜትር ከ48 ሆነ። ስለዚህ ፀሐይዋ ከአድማስ 30 ዲግሪ ግድም ላይ ናት።

አጠናው ሥር ጥላው የተሳለ ነው፤ የልጡ ሸካራ ሳይቀር ይለያል። ወደ ጫፉ ስትሄድ ጎንና ጎኑ እየሳሳ መሐሉ ላይ ሁለት ጣት የማይሞላ ጥቁር መስመር ብቻ ይቀራል። አንዲት ጉንዳን ካርቶኑን ስታቋርጥ ጥላው ውስጥ የምትገባበትን ቅጽበት ለመያዝ ጎንበስ ብዬ ጠበቅኩ። መግባቷን ያወቅኩት ከገባች በኋላ ነው። መስመር የለውም፤ ቀስ እያለ ይመሻል።

ሒሳቡን እዚያው ካርቶን ላይ ሠራሁት። ፀሐይ ስፋቷ 1.39 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ርቀቷ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቷ የስፋቷ 107 እጥፍ ያህል መሆኑ ነው፤ በዲግሪ 0.53። ስለዚህ ጥላ የሚጥለው ነገር ጥላው ካረፈበት ቦታ በራቀ ቁጥር፣ በየሜትሩ የጠርዙ ብዥታ 9.3 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ከአጠናው ጫፍ እስከ ጥላው ጫፍ ብርሃኑ 4 ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ 3.7 ሴንቲ ሜትር። ብርሃኑ መሬቱን የሚያገኘው በ30 ዲግሪ ተጋድሞ ስለሆነ በርዝመቱ አቅጣጫ እጥፍ ይሆናል፤ 7.4። የእኔ ባለ 5 ዲግሪ ፀሐይ በየሜትሩ 8.7 ሴንቲ ሜትር ነበር የምታበዥው። ዘጠኝ እጥፍ! የመብራት ምሰሶው ጥላ እንደ ጭስ የበነነው በዚህ ነው።

ልኬቱ መጀመሪያ አልገጠመም። የብዥታውን መነሻ በእርሳስ አመለከትኩ፣ ዞሬ ሜትሩን ፈለግኩ፣ መልሼ መድረሻውን አመለከትኩ፤ 9 ሴንቲ ሜትር ተኩል ወጣ። ለካ ጥላው አይቆምልኝም። ፀሐይ በደቂቃ ሩብ ዲግሪ ትሄዳለች፤ በ4 ሜትር ላይ ጥላው በየደቂቃው ከ1 ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ይሸሻል። በሁለተኛው ላይ እሳቸው ከውስጥ እኔ ከውጭ ሆነን «በል!» ሲሉ በአንድ ላይ አመለከትን። 6 ሴንቲ ሜትር። ከ7.4 ያነሰው የብዥታውን ሁለት ጫፎች ዓይን ስለማይለያቸው ነው፤ ፀሐይዋ ዳር ዳሯ ትንሽ ገርጠት ማለቷም ይጨመርበታል። አጎቴ ግን የእኔ ምልክት ወደ ውስጥ ገብቷል ነው የሚሉት። ተከራክረን አልተስማማንም።

ጥር 6

ልኬቱን ወደ ብሌንደር አስገባሁ። ከ3.6 ጋር አብሮ የሚመጣውን ሰን ፖዚሽን የሚባል አድኦን (ፀሐይዋን በቦታና በሰዓት የሚያስቀምጥ ተጨማሪ መሣሪያ) ከፈትኩ። ኬክሮስ 9.68፣ ኬንትሮስ 39.53፣ የሰዓት ቀጠና 3 ሲደመር። ሰዓት 3:00 አልኩት። ምስሉ ድቅድቅ ጨለማ። የብርሃኑን ኃይል ጨመርኩ፣ ኤክስፖዠሩን አየሁ፣ ፋይሉን ዘግቼ ከፈትኩ። አርባ ደቂቃ ከለፋሁ በኋላ ነው የገባኝ፤ ፕሮግራሙ 3:00 ሲባል የሚያውቀው የኛን ሌሊት 9 ሰዓት ነው። 9:00 ስለው ነጋ።

ነጋ እንጂ ጥላው ወደ ማይሆን አቅጣጫ ወደቀ። አጎቴ ግቢ ጥላው ወደ ሰሜን ምዕራብ ያዘነበለ ነበር፣ እዚህ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሄዷል፤ ርዝመቱም 2 ሜትር ከ28። ወር የሚለው ሣጥን ውስጥ ጥር አምስተኛ ወር ነው ብዬ 5 አስገብቻለሁ! ለፕሮግራሙ 5 ማለት የኛ ሚያዝያ መጨረሻ ነው፣ ያኔ ፀሐይዋ ከኛ ወደ ሰሜን አልፋለች። 1 እና 13 ብዬ አስተካከልኩት። አሁን 3 ሜትር ከ52 ሰጠኝ። ከኛ ልኬት 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚለየው፤ ግቢውም ትንሽ ተዳፋት ስላለው ተውኩት።

ከዚያ አንግል 0.526። ይህን ቁጥር ከየት አመጣሁት? አዲስ የፀሐይ መብራት ሲጨመር ብሌንደር ራሱ የሚሰጠው ነው። ትክክለኛው ከመጀመሪያው እጄ ላይ ነበር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

አጠናና መሬት ብቻ ያለበት ባዶ ፋይል በሳይክልስ 256 ሳምፕል፣ 6 ደቂቃ። በምስሉ ላይ የፒክስሎቹን ቁጥር እየለቀምኩ ስለካው የጫፉ ብዥታ 7 ሴንቲ ሜትር ከምናምን። ገጠመ። አንድ ማስታወሻ፦ የቀለም ቅንብሩ ፊልሚክ ላይ ሲሆንና ስታንዳርድ ላይ ሲሆን ያው ጥላ የተለያየ ስፋት ያለው ይመስላል። ለመለካት ስታንዳርድ ላይ ማድረግ፣ ለማሳመር በኋላ።

ጥር 8

አሁን የተንሳፈፈው ቤት።

ይህ ከልስላሴው ጋር አይገናኝም። ከወራት በፊት ቆርቆሮው ላይ ጥቁር ሸንተረሮች ታይተውኝ ባያስ የሚለውን ቁጥር ከ1 ወደ 4 ከፍ አድርጌው ነበር። ኢቪ ጥላን የሚሠራው ከፀሐይዋ ሆኖ የርቀት ካርታ (እያንዳንዱ ነጥብ ከብርሃኑ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚመዘግብ) በመሳል ስለሆነ ካርታው ሻካራ ሲሆን ገጽታው በራሱ ላይ ጥላ ይጥላል፤ ባያስ ያንን ለማጥፋት ጥላውን ትንሽ ገፋ ያደርገዋል። ሲበዛ ግን ጥላው ከባለቤቱ እግር ሥር ይላቀቃል። የሚያሳፍረው፣ ከሸንተረሮቹ ግማሾቹን የቆርቆሮው ሞገድ ናቸው ብዬ ትቻቸው መክረሜ ነው። የቆርቆሮ ሞገድ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ እነዚህ አግድም ነበሩ።

መድኃኒቱ ካርታውን ማጥራት ነው። የጥላው ከፍተኛ ርቀት 200 ሜትር ላይ ነበር፣ የኔ ግቢ ከዳር እስከ ዳር 40 አይሞላም፤ 45 አደረግኩት። የካስኬዱን መጠን (የካርታውን የአንድ ጎን የነጥብ ብዛት) ከ1024 ወደ 4096። ርቀቱን በረቀቀ ቁጥር የሚመዘግበውን ሃይ ቢት ዴፕዝ አበራሁ። ባያሱን ወደ 1 መለስኩት። ሸንተረሮቹ ጠፉ፣ የብርሃኑ ክር ቀጠነ፣ ግን አልጠፋም።

ማታ አጎቴ ደውለው ነበር፤ ነገርኳቸው።

«ግድግዳው ከመሬት በታች ስንት ገብቷል?»

«አልገባም። ልክ መሬቱ ላይ ነው ያቆምኩት።»

«መሠረት ሳታወጣለት ነዋ ቤት የሠራኸው!»

ሳቁብኝ። ግን ልክ ናቸው። ግድግዳውን 30 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት አወረድኩት፣ ክሩ ድራሹ ጠፋ። ካርታው በግድግዳውና በመሬቱ መጋጠሚያ ላይ ቢሳሳትም ስሕተቱ አሁን ከመሬት በታች ነው የሚቀረው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ በርቀት ቅንብሩ ላይ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ።

ጥር 9

የመብራት ገመዶች። ግድግዳው ላይ ጥላቸው የተቆራረጠ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ ገመዱ 1 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የካርታው አንድ ነጥብ ከዚያ ይሰፋል። ካርታውን ከዚህ በላይ ማጥራት ካርዴ አይችልም።

እውነተኛው እንዴት ነው ብዬ ወጥቼ አየሁ። 1 ሴንቲ ሜትር ገመድ ሙሉ ጥላ ሊጥል የሚችለው እስከ 1 ሜትር ከ7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ ካለፈ ፀሐይዋን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አይችልም። 6 ሜትር ላይ ቢበዛ የብርሃኑን ሩብ ያህል ይቀንሳል። እውነትም ጎረቤት አጥር ላይ ያለው የገመድ ጥላ ካልተነገረህ የማታየው ግራጫ መስመር ነው። በሳይክልስ ስሞክረው እንደዚያው ወጣ፣ ግን በ32 ሳምፕል ላይ ዲኖይዘሩ (የምስሉን ፍርፋሪ ነጠብጣብ የሚጠርገው) ኖይዝ መስሎት ገመዱን ጠረገው። 256 ላይ ተረፈ።

ውሳኔ፦ ረቂቅ በኢቪ፣ የመጨረሻዎቹ በሳይክልስ፣ ሌሊት ሌሊት። የላፕቶፑን ማራገቢያ አስጠረግኩ፣ የሙቀት ማስተላለፊያ ፓስታውንም አስቀየርኩ፣ 700 ብር። ሙቀቱ ስለቀነሰ ያው ምስል በ1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አለቀ። ቀድሜ ማድረግ ነበረብኝ።

ጥር 11

ጥምቀት። ላፕቶፑን አልከፈትኩም።

ግን ዓይኔ አላረፈም። የድባቡ ዘርፍ ፀሐይ ላይ ሲወዛወዝ መሬቱ ላይ አንድም ክር አይታይም፤ ጥላው ዳሩ የደበዘዘ ክብ ብቻ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ክር ጥላው ከአንድ ስንዝር በላይ አይሄድም። ጥዱ ሥር ደግሞ በቅጠሉ ቀዳዳዎች የሚወርደው ብርሃን መሬቱን በክብ ክብ ሞልቶታል። ቀዳዳዎቹ ክብ ሆነው አይደለም፤ እያንዳንዱ ክብ የፀሐይዋ ምስል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ በተጋረደች ጊዜ በዛፉ ሥር ያሉት ክቦች በሙሉ ማጭድ ሆነው ነበር፤ ያኔ ፎቶ አንስቼ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ጥር 13

በሳይክልስ ያወጣሁት የመጀመሪያ ሙሉ ምስል ሁለት ጥላ አለው። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ገርጣ ያለ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን የተነሳ በቆረቆሯት ከተማ ተቀምጬ ሁለት ፀሐይ አወጣሁ።

ምክንያቱ ለሰማይ የተጠቀምኩት ኤችዲአርአይ (ትዕይንቱን ዙሪያውን የሚሸፍን፣ ብርሃንም የሚሰጥ የሰማይ ፎቶ) ነው። ፎቶው ውስጥ የራሱ ፀሐይ አለ። በ3.6ቱ ኢቪ ላይ ከሰማይ ምስል ጥላ ስለማይወጣ አላስተዋልኩም፤ ሳይክልስ ግን ያየዋል። በዚያ ላይ የወረደው ባለ 1 ኬ ነው፤ 360 ዲግሪው በ1024 ፒክስል ሲካፈል አንዱ ፒክስል 0.35 ዲግሪ ይይዛል፣ ፀሐይዋ አንድ ተኩል ፒክስል ብቻ ሆና ብርሃኗም ተቆርጦ ቀርቷል። ባለ 4 ኬውን ላውርድ ብዬ ከጀመርኩ በኋላ ተውኩት፤ ዳታዬን የሚበላብኝ የሌላ አገር ሰማይ ነው።

በምትኩ የብሌንደርን ሰማይ፣ ኒሺታ የሚባለውን፣ የራሱን ፀሐይ አጥፍቼ ተጠቀምኩ። ከፍታ የሚለው ላይ 2,840 ሜትር አስገባሁ። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚበተነው ብርሃን ያንሳል፣ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ጥላውም ይጠቁራል። ጥላው ጠቆረ ብዬ ሰማዩን በእጅ ከፍ ላደርግ ስል የአጎቴ ነገር ትዝ ብሎኝ እጄን ሰበሰብኩ።

ጥር 15

የማታው ምስል፣ የበረንዳው አምፑል። ፀሐይዋ ስትስተካከል ይኸኛው ብቻውን ተጋለጠ፤ የምሰሶዎቹ ጥላ በቢላ የተሰነጠቀ ነው። አምፑሉን 3 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ሰጥቼዋለሁ፣ ምን ጎደለው?

ቤቱን በሜትር ለካሁት። የበሩ ቁመት 82 ሜትር ሆኖ ተገኘ። ሞዴሉ ስኬችአፕ ከሚባለው የቤት መሳያ ፕሮግራም ሲመጣ አንድ ኢንች አንድ ሜትር ተብሎ ገብቷል፤ ሁሉም ነገር 39.37 እጥፍ ነው። ፀሐይዋ ላይ ይህ አይታወቅም፤ ቤቱም ጥላውም ብዥታውም እኩል ስለሚያድጉ ምስሉ አይለወጥም። ከአጠናው ጋር ያልተጋጨሁትም አጠናውን በባዶ ፋይል ስለሞከርኩት ነው። አምፑሉ ግን ራዲየሱ በእውነተኛ ሜትር ነው፤ በዚያ ግዙፍ ቤት ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ማለት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ለካ አምፑሉን 15,000 ዋት ያደረግኩትም ለዚህ ነው! ርቀት 39 እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ከ1,500 ጊዜ በላይ ይደክማል። ሳይበራልኝ ዋት ስጨምር፣ ስጨምር፣ አንድ ቀንም ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ሞዴሉን በ0.0254 አባዛሁ፣ አፕላይ አልኩት፣ አምፑሉን ወደ 10 ዋት መለስኩት። ብሌንደር ላይ ዋት የሚባለው አምፑሉ ካርቶን ላይ ከሚጻፈው ጋር አንድ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ደግሞ ጥር 8 ላይ ያስገባሁት የ30 ሴንቲ ሜትር መሠረት ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ቀረ፤ እንደገና አወረድኩት። 45 ያልኩት ርቀትም በስሕተት መስፈሪያ የተሰፈረ ነበር፤ አሁን ነው ልክ የሆነው።

ጥር 18

ደንበኛው «በስልኬ እየዞርኩ ላየው እችላለሁ?» አለ። ትችላለህ አልኩት። አፌን በሰበሰብኩ።

በብሮውዘር፣ በዌብጂኤል (ብሮውዘር ውስጥ እየዞሩ የሚያዩትን ምስል የሚስል ዘዴ)። የሬይ ትሬሲንግ (እንደ ሳይክልስ ጨረር በጨረር የማስላት) ነገር አይታሰብም፤ በርቀት ካርታ ነው። ዘዴው ላንስ ዊሊያምስ በ1978 ያቀረበው ነው፣ ጠርዙ ግን ደረቅ ነው። በ1987 ሪቭስ፣ ሳሌሲንና ኩክ ካርታውን ዙሪያውን ብዙ ጊዜ እየጠየቁ አማካይ የመውሰድን ዘዴ አመጡ፤ ፒሲኤፍ ይባላል። እሱ ያለሰልሳል፣ ግን ቅርቡንም ሩቁንም እኩል። እኔ የምፈልገው ሥሩ የተሳለ፣ ጫፉ የደበዘዘ ነው። ይህን በ2005 ራንዲማ ፈርናንዶ ጨመረው፤ ፒሲኤስኤስ። መጀመሪያ ዙሪያውን ፈልጎ ብርሃኑን የጋረደውን ነገር አማካይ ርቀት ያገኛል፣ ከዚያ የብዥታውን ስፋት ያሰላል፣ ከዚያ በዚያ ስፋት ፒሲኤፍ ይሠራል።

ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ሼደር (ግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚሠራ አጭር ፕሮግራም) ገለበጥኩና አስገባሁ። በመጀመሪያው ሙከራ ሠራ፣ ቆንጆም ነው። ዘጋሁና ተኛሁ።

ጥር 20

ቆንጆ ነው እንጂ ትክክል አይደለም። በአጋጣሚ ነው ያወቅኩት። የጣሪያው ጫፍ ከካርታው ውጪ ስለቀረብኝ የጥላውን ካርታ የሚስለውን የፕሮግራሙን ካሜራ ከ30 ሜትር ወደ 60 ሜትር ወደ ኋላ ሳብኩት። የጥላው ልስላሴ በግማሽ ግድም ቀነሰ! ፀሐይዋን አልነካሁም። ካሜራው የትም ቢቆም ፀሐይ ያው ፀሐይ ናት።

ቀመሩን አንድ በአንድ አነበብኩት። እንዲህ ነው፦ ጥላው ካረፈበት ርቀት የጋራጁን (ብርሃኑን የጋረደውን ነገር) ርቀት ቀንስ፣ በጋራጁ ርቀት አካፍል፣ በመብራቱ ስፋት አባዛ። ይህ ለአምፑል ልክ ነው፤ አምፑል ቦታ አለው፣ ርቀቱ ከእሱ ይቆጠራል። ፀሐይ ግን ጨረሯ ትይዩ ነው፣ ካርታውም በትይዩ ካሜራ የተሳለ ነው፤ «የጋራጁ ርቀት» የሚባለው እኔ በዘፈቀደ ካቆምኩት ካሜራ የተቆጠረ ነው። ማካፈሉ ትርጉም የለውም። አስወጣሁት። የቀረው፦ የሁለቱ ርቀት ልዩነት በሜትር፣ ሲባዛ በ0.0092። ካርቶኑ ላይ የጻፍኩት ያው ሒሳብ ነው! ሼደሩ ውስጥ ግን ሁሉም ከ0 እስከ 1 ስለሆነ አንዴ በካሜራው ጥልቀት ማባዛት፣ አንዴ በካርታው ስፋት ማካፈል ያስፈልጋል። አንዱን ረስቼ አንድ ሙሉ ማታ ጥላ የሌለው ቤት ሳይ አመሸሁ።

ጥር 21

አጠናውን በብሮውዘሩ ውስጥ አቆምኩ። ጫፉ 7 ሴንቲ ሜትር ግድም፣ ጥሩ። ሥሩ ግን ደብዝዟል፤ መሳል ነበረበት። ካርታው 2048 ነጥብ ሆኖ 60 ሜትር ይሸፍናል፤ አንዱ ነጥብ 2.9 ሴንቲ ሜትር። ከአጠናው ሥር አንድ ክንድ ላይ ያለው እውነተኛ ብዥታ 1 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ካርታው ከራሱ ነጥብ የጠበበ ነገር መግለጽ አይችልም፤ ቀመሩን ብታሳምረው ባታሳምረው። ሽፋኑን ወደ 24 ሜትር አጠበብኩት፣ 1.2 ሴንቲ ሜትር። የሩቁ አጥር ጥላ አጣ። ይጣ፤ ማንም አጥሩን ለማየት አልመጣም።

ሌላው፦ የብዥታው ውጫዊ ግማሽ ተቆርጦ ይጠፋ ነበር፤ ጠርዙ ከውስጥ የለሰለሰ፣ ከውጭ የተከረከመ። ጋራጁን የምፈልግበት ዙሪያ ጠቦ ነው፤ ጥላው ዳር ላይ ሆኖ ሲፈልግ ምንም ስለማያገኝ «ፀሐይ ላይ ነኝ» ይላል። ዙሪያውን ትዕይንቱ ውስጥ ለሚገኘው ረጅሙ ርቀት እንዲበቃ አሰፋሁት። 24 ሜትር ሲባዛ በ0.0046፣ 11 ሴንቲ ሜትር።

ጥር 24

በደንበኛው ስልክ ዓይነት ላይ ስንሞክረው በሰከንድ 9 ፍሬም። 16 ጊዜ ፍለጋ፣ 32 ጊዜ ማለስለስ ይበዛበታል። 8 እና 16 አደረግኩት፣ ናሙናዎቹን በየፒክስሉ አዞርኳቸው፤ ጠርዙ ላይ አሸዋ የተበተነ መሰለ እንጂ 22 ፍሬም ደረሰ። ስልክ ላይ አሸዋው ብዙ አይታይም። ክብ ምሰሶዎቹ ላይ ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት ቦታ አሁንም እንደ ደረጃ ይቆራረጣል፤ የምሰሶው ገጽ ብዛት ትንሽ ስለሆነ ነው። ጨመርኩት፣ ከ16 ወደ 48። በሳይክልሱም ላይ እንደዚያው።

እስካሁን የወጣ ወጪ፦ ካርቶን 60፣ ማራገቢያ 700፣ ዳታ 400፣ ሁለት ቀን ጄኔሬተር ያለው ካፌ ውስጥ ተቀምጬ ለቡና 180። ደንበኛው ለዚህ የጨመረልኝ የለም፤ ስሕተቱ የኔ ስለሆነ አልጠየቅኩም።

ጥር 27

አራቱን ምስልና የስልኩን ሊንክ ላክኩ። ደንበኛው፦ «አሁን ቤት ሆነ።» ምኑ እንደተለወጠ አልጠየቀም።

ለአጎቴ ይዤላቸው ሄድኩ። ረጅም ጊዜ አዩት። ጣታቸውን ከክፈፉ ጥላ ላይ አድርገው ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ መሬቱ አወረዱ።

«ሦስት ሰዓት። ጥር።»

«አዎ።»

«ቦታው ያ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለው አይደል?»

«እሱ ነው።»

«እዚያ ቦታ ላይ እኮ በሦስት ሰዓት ፀሐይ አይገባም። በደቡብ ምሥራቅ በኩል የጎረቤት ባሕር ዛፍ አለ፣ ረጃጅም። እስከ አምስት ሰዓት ግቢው ጥላ ነው።»

ቦታው ላይ ሄጄ አላውቅም፤ የተላከልኝ ፕላን ላይ ዛፍ የለም። ዛፎቹ 20 ሜትር ቢሆኑ በ30 ዲግሪ ፀሐይ ጥላቸው 35 ሜትር ይደርሳል፤ በረንዳውን አልፎ ግድግዳውን ይሸፍናል። ከዚያ ርቀት ብዥታው ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ ቅጠሉም ሙሉ ጥላ አይጥልም፤ በረንዳው ላይ የሚያርፈው የጥዱ ሥር ዓይነት ክብ ክብ ነው። 24 ሜትር ያጠበብኩት ካርታም ዛፎቹን አይዛቸውም።

ለደንበኛው ገና አልነገርኩትም። ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ተኩል ከአጎቴ ጋር ቦታው ላይ እንገናኛለን። አጠናውን እኔ እይዛለሁ፣ ሜትሩንና ቱንቢውን እሳቸው።